በስልክ መስመር ከሩቅ መረብ ጋራ የሚያገናኘውን ሥራ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ማሰናዳት

በየወረዳው ያሉ የእርሻ ሹማምንት ከሚያስተላልፉት ወሬ ሁሉ ቀጠሮ የማይሰጠው የተባይ ወሬ ነው። ተምች ከእንቍላሉ ከወጣ በኋላ ትል ሆኖ የሚቈየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ከዚህም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትሉ እጅግ ደቃቅ ስለሚሆን ገበሬው አያየውም፤ ባየው ጊዜም ሰብሉን አብዝቶ የሚበላበት ሰሞን ደርሶ ይገኛል። ስለዚህ ወሬው ከወረዳው ተነሥቶ መድኃኒትና መርጫ ወደሚያዝዘው መሥሪያ ቤት እስኪደርስ የሚያልፈው ቀን ሁሉ ከገበሬው ማሳ ላይ የሚቀነስ ነው።

ወሬውን በስልክ በቃል መናገር አይበቃምን የሚል ይኖራል። ትል ታየ ብሎ ለማስታወቅ ይበቃል። ነገር ግን የሃያ ቀበሌ ስም፥ በየቀበሌው የተያዘው ማሳ ስፋት፥ የሰብሉ ዓይነትና ዕድሜ፥ በግምጃ ቤት ያለው መድኃኒት በሊትር ተቈጥሮ በቃል ሲነገር፥ መስመሩም በመካከሉ ሲንሾካሾክ፥ «አሥራ ስድስት» የተባለው ሄክታር «ስድሳ» ሆኖ ተጽፎ ያላየ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ሠንጠረዡ እንደ ተጻፈ ሳይለወጥ መድረስ አለበት፤ ይህንም የሚያደርገው ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚላክ ጽሑፍ ነው።

ይህ ሥራ በምን ዓይነት ትንሽ ነገር እንደሚሰናከል ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጊዜው በስልክ መስመር እየደወሉ ወደ ኢንተርኔት መረብ መግባት የተለመደበት ዘመን ይሁን። ከደሴ አካባቢ የመጣ አንድ ጸሐፊ፥ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር መልእክት አልልክም ስላለው፥ መሣሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አስጭኖ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ወደ ጎተራ የሚያደርሰው የኢትዮ ቻይና መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ ወሎ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። በዚያ ባለ አንድ የጥገና ቤት ውስጥ የሚሠራ ወጣት መሣሪያውን ተቀብሎ ከቤቱ የስልክ መስመር ጋራ ቢያያይዘው፥ በመጀመሪያው ጥሪ ተገናኘ።

«ጋሼ፥ ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው» ይለዋል።

«እንዴት ይሆናል ልጄ? እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮኽ ሰንብቶ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገናኘም።»

«በመሥሪያ ቤትዎ ወደ ውጭ ሲደውሉ አስቀድመው የሚመቱት ቍጥር አለ?»

«አዎን፤ ዘጠኝን መትተን የውጭው መስመር እስኪሰጠን ጥቂት እንቈያለን።»

«ታዲያ ይህን ለኮምፒዩተሩ ማን ነገረው?»

ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። በመደወያው ሥራ ውስጥ ከስልኩ ቍጥር በፊት ዘጠኝና አንድ የላቲን ነጠላ ሰረዝ ቢጨመርበት መሣሪያው ከቦታው ሳይነሣ በሠራ ነበር፤ ነጠላ ሰረዙ ለሞደሙ ሁለት ሰከንድ ያህል ቈይ ማለት ነውና። የሃያው ቀበሌ ሠንጠረዥ በኮምፒዩተሩ ሆድ እንዳለ ከወሎ ሰፈር ሆኖ ተላከ፤ የፈጀውም አንድ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ለሙከራ ሦስት ቀን፥ ለመንገድ አንድ ቀን፥ ተራ ለመጠበቅ አንድ ቀን አልፎ ነበርና ወሬው የአምስት ቀን አሮጌ ሆኖ ደረሰ። ከዚህ በታች የሚጻፈው ትምህርት ሹሙና ጸሐፊው መሣሪያውን ከመጫናቸው በፊት በራሳቸው ሊመረምሩት ስለሚችሉት ነገር ነው። ዓመታቱም መሣሪያዎቹ በተሠሩባቸው አገሮች ልማድ በአውሮጳ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

በአዲስ አበባ ኮምፒዩተሮች በስልክ እየተደዋወሉ ደብዳቤ ከተለዋወጡባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ነው። የሚሠራበትም መንገድ ፊዶኔት ይባል ነበር። ቀን የመጣው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ይከማቻል፤ ኋላ ኮምፒዩተሩ ወደ ውጭ አገር ይደውልና ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። ልክ እንደ ፖስታ ከረጢት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1997 የኢንተርኔትን አገልግሎት ለሕዝብ ሲከፍት ደግሞ፥ ሰው በቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ባለው ስልክ ደውሎ እስከ ፈለገው ጊዜ በመረቡ ውስጥ ለመቈየት ቻለ። ከዚያ ወዲህ በከተሞች ፈጣን መስመሮች ገብተዋል፤ የእጅ ስልክም ብዙውን ሥራ ወስዷል። ሆኖም የመደወያው ሥራ አልሞተም። ከኮምፒዩተር ጐን የሚሰካው ትንሹ የሞባይል ሞደም፥ ዶንግል የሚሉት፥ በውስጡ የሚሠራው በዚያው በጥንቱ ሥርዐት ስለ ሆነ አሮጌውን የሚያውቅ ሰው ለአዲሱ እንግዳ አይሆንም። ስለዚህም ነገር በስተኋላ ይነገራል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። የስልክ ሽቦ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈውም በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ያህል ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ግን የሚናገረው በአንድና በዜሮ ነው። ሞደም ማለት ይህን አንድና ዜሮ ወደ ድምፅ፥ ድምፁንም ወደ አንድና ዜሮ የሚለውጥ አስተርጓሚ ነው። በ1962 የወጣው የአሜሪካኖቹ ሞደም በሰከንድ 300 ምልክት ብቻ ያስተላልፍ ነበር፤ በ1991 ፍጥነቱ 14,400፥ በ1994 28,800፥ ኋላም 33,600 ደረሰ። በ1998 የተደነገገው የ56,000 ፍጥነት ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ፍጥነት የሚገኘው ከአገልግሎት ሰጪው ወደ ደዋዩ በሚመጣው መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሰጪው ወገን በቀጥታ ከዲጂታሉ መሥመር ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ ነው። ሁለት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በተራ ሞደም ቢደዋወሉ፥ በሁለቱም ሞደሞች ላይ 56,000 የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ እንኳ፥ ከ33,600 አያልፉም። ስለዚህ ሻጭ በዚህ ቍጥር ዋጋ ሲጨምር አይታመን።

ከማናቸውም ነገር በፊት የሚመረመረው መስመሩ ነው። አንድ ተራ የስልክ መሣሪያ ለሞደሙ በተዘጋጀው ሽቦ ላይ ይሰካና በጆሮ ይደመጥ። የመደወያው ድምፅ ጥርት ብሎ ከተሰማ መልካም ነው፤ መንሾካሾክ፥ መንጫጫት ወይም የሌላ ሰው ወሬ የሚሰማበት ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን ሺህ ጊዜ ቢያሰናዱት ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሽቦው በቤቱ ግድግዳ ውስጥ በእጅ ተጠምዝዞ በተቀጠለበት ስፍራ፥ ክረምት ርጥበት በሚያገኘው ዘንድ ይገኛል። ከዚህም ጋራ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ስልክ በሹሙ ቢሮ ወይም በዘበኛው ቤት እንዳለ ይጠየቅ፤ በመላኩ ሰዓት አንድ ሰው ስልኩን ቢያነሣ ግንኙነቱ ይበጠሳልና። ይህ እጅግ የተለመደ ችግር ስለ ሆነ፥ መልእክት የሚላክበት ሰዓት በግልጽ ተወስኖ ለሠራተኛው ሁሉ ቢነገር ሞደም ከመለወጥ ይሻላል።

ሞደሙ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በውጭ ተቀምጦ በገመድ የሚያያዘው፥ በፊቱ ላይ ትንንሽ መብራቶች ያሉት ነው፤ ለወረዳ ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው፥ መብራቶቹ ደወለ፥ ተቀበለ፥ ላከ ብለው ይናገራሉና። ሁለተኛው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባ ካርድ ሆኖ የራሱ አእምሮ ያለው ነው። ሦስተኛው ካርድ ይመስላል እንጂ ሥራውን የሚሠራለት የኮምፒዩተሩ አእምሮ ነው፤ ርካሽ ነው፥ ነገር ግን የራሱ ማሠሪያ ፕሮግራም ያለበት ዲስክ ከጠፋ ከንቱ ይሆናል፤ በደካማና በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ሌላውን ሥራ ያዘገያል።

በውጭ ያለው ሞደም የሚሰካው በኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለው፥ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ እሾህ ባለው መሰኪያ ነው። ለእነዚህ መሰኪያዎች ኮም 1፥ ኮም 2፥ ኮም 3፥ ኮም 4 የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ኮም 1ና ኮም 3 በአንድ ደወል፥ ኮም 2ና ኮም 4 በሌላ አንድ ደወል የኮምፒዩተሩን አእምሮ ይጠራሉ። እንግዲህ ማውሱ በኮም 1፥ ሞደሙ በኮም 3 ላይ ቢሆን፥ አንድ ደወል ለሁለት ደጅ እንደ ተሰቀለ ይቈጠራል፤ ደወሉ በተመታ ጊዜ ማን እንደ መጣ አይታወቅም። ምልክቱም ይህ ነው፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ግንኙነቱ ይቈማል፥ ወይም ሞደሙ ሲደውል ማውሱ ይደርቃል። መድኃኒቱ ሞደሙን ወደ ኮም 2 ማዛወር ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ቫይረስ ያዘው ብለው ውስጡን አጥፍተው እንደ ገና የጻፉ፥ የዓመቱንም መዝገብ አብረው ያጠፉ ሰዎች አሉ።

በመሰኪያው ውስጥ ያለው ቺፕም ሊታወቅ ይገባል። ጥንታዊው ቺፕ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ 16550 ኤ የሚባለው ግን 16 ፊደል ይይዛል። የፊተኛው የመምህሩን ቃል አንድ ፊደል ብቻ የሚሸከም ተማሪ ይመስላል፤ መምህሩ በዝግታ ሲያነብ ይከተለዋል፥ ሲፈጥን ግን ይጥላል። ስለዚህ ጥንታዊው ቺፕ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ የመሰኪያው ፍጥነት ወደ 9,600 ዝቅ ቢደረግ፥ ፈጥኖ እየጣለ ከሚደጋግመው ይልቅ ቀድሞ ይጨርሳል። በደካማ መስመርም ላይ እንዲሁ ነው፤ እየተበጠሰ በ33,600 ከሚሮጥ ይልቅ ሳይበጠስ በ14,400 የሚሄድ ይሻላል።

ሶፍትዌሩ እንደ ኮምፒዩተሩ ዕድሜ ይለያያል። ዊንዶውስ 3.1 ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ከመረቡ ጋራ የሚያነጋግር ቋንቋ ከፋብሪካው አብሮ አልመጣም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠቀመው የታስማኒያው ፒተር ታታም በሠራው ትራምፔት ዊንሶክ በተባለው ፕሮግራም ነበር። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ግን መደወያው በውስጡ ይገኛል። በእነዚህ በዊንዶውስ 95ና 98 ላይ ሥራው በዚህ ተራ ይሄዳል። በመቈጣጠሪያው ገጽ ሞደሙ እንዲታወቅ ይደረጋል፤ ቀጥሎም በመረብ ክፍል ውስጥ የመደወያው አስማሚና ቲሲፒ አይፒ የተባለው የመረቡ ቋንቋ መኖራቸው ይታያል፥ ከሌሉም ከዲስኩ ይጨመራሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ግንኙነት ተፈጥሮ ስም ይሰጠዋል፥ የሚደወልበት ቍጥርም ይጻፋል። በንብረቱ ገጽ ላይ የአገልጋዩ ዓይነት ፒፒፒ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ኔትቢዩአይና አይፒኤክስ ከሚባሉት ሌሎች ቋንቋዎች ፊት ያለው ምልክት ይነሣል፥ እነርሱ ካሉ ጥሪው በከንቱ ይዘገያልና። ቋሚ አድራሻ ካልተሰጠ በቀር አድራሻው ከአገልጋዩ የሚመጣ ይሁን ተብሎ ይተዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ያደክማሉ። የመጀመሪያው ሞደሙ የውጭ አገር የመደወያ ድምፅ ለምዶ የእኛን ባለማወቁ «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ የሚመልሰው ነው። ሰው በጆሮው ድምፁን እየሰማ ሞደሙ አልሰማሁም ካለ፥ ከመደወሉ በፊት ድምፁን እንዲጠብቅ የሚያዝዘውን ምልክት ማንሣት ይበቃል። ሁለተኛው የአደዋወሉ ዓይነት ነው። አሮጌው የስልክ ማዕከል ቍጥሩን የሚቀበለው በመቍረጥ፥ ይኸውም እንደ ክቡ መደወያ ጠቅ ጠቅ በማለት ሲሆን፥ አዲሱ በዜማ ይቀበላል። ሞደሙ በዜማ እየደወለ የስልኩ ድምፅ ዝም ሳይል ከቀጠለ፥ ማዕከሉ ዜማውን አላወቀውም ማለት ነውና ወደ መቍረጡ ይለወጥ።

ጥሪው ሲነሣ የሚሰማው ጩኸት ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን ለክተው በየትኛው ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ነው። በአገር ልማድ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ስለ ከብቱ፥ ስለ ልጁ፥ ስለ ዝናሙ ሳይጠያየቁ ወደ ጕዳይ እንደማይገቡ፥ እነዚህም ሳይጠያየቁ ሥራ አይጀምሩም። ጩኸቱ ካለቀ በኋላ በ1994 የተደነገገው የፒፒፒ ሥርዐት ይቀጥላል። መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ አከፋፈል ይስማማሉ፤ ሁለተኛ ደዋዩ ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ሦስተኛ ለደዋዩ አድራሻ ይሰጠዋል። ይህን ተራ ያወቀ ሰው ጥሪው የት እንደ ተቋረጠ አይቶ ጥፋቱን ይለያል። ጩኸቱ ሳያልቅ ከተቋረጠ መስመሩ ነው፤ ጩኸቱ አልቆ ስምና ቃል ሲመረመር ከተመለሰ የተጻፈው ስም ወይም የምስጢር ቃል ነው፤ ከገባ በኋላ ምንም ካልሄደ የመረቡ ቋንቋ አለዚያም አድራሻው ነው። በሦስቱም ጊዜ ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ የሚያስጠቀልል ነገር የለም።

ማንነትን የሚጠይቀው ሥርዐት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የምስጢሩን ቃል እንዳለ በመስመሩ ላይ ይልከዋል፤ መስመሩን የሚያደምጥ ካለ ያገኘዋል። ሌላው ቃሉን ከቶ አይልክም። አገልጋዩ እንቆቅልሽ ይሰጣል፥ ደዋዩም በምስጢሩ ቃል ተጠቅሞ ፍቺውን ብቻ ይመልሳል፤ እንቆቅልሹም በየጊዜው ስለሚለወጥ የትናንቱን ፍቺ የሰማ ሰው ለዛሬ አይጠቅመውም። ቻፕ የሚባለው ይህ ስለ ሆነ፥ ምርጫው በተሰጠ ጊዜ እርሱ ይመረጥ።

እስከ አሁን የተነገረው በስልክ ወደ ሰፊው መረብ ስለ መግባት ነው። ነገር ግን አንድ ወረዳ ወደ ዞኑ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ሊደውል ይችላል፤ በመካከላቸው ስልክ ካለ ሌላ ሦስተኛ ወገን አያስፈልግም። ዊንዶውስ ኤንቲ ለዚህ የተዘጋጀ አገልግሎት አለው፤ ዊንዶውስ 98ም አንድ ደዋይ ብቻ የሚቀበል ትንሽ አገልጋይ ይዟል። በኤንቲው አገልግሎት ውስጥ መልሶ መደወል የሚባል ትልቅ ጥቅም ያለው ሥራ ይገኛል። ወረዳው ደውሎ ስሙን ከተናገረ በኋላ ዞኑ ስልኩን ይዘጋና በመዝገቡ ወደ ተጻፈው የወረዳው ቍጥር ራሱ ይደውላል። በዚህም የምስጢሩን ቃል የሰረቀ ሰው ከሌላ ቤት ሆኖ መግባት አይችልም፤ የጥሪውንም ዋጋ በጀት ያለው ወገን ይከፍላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር የሞደሙን ድምፅ ሳያጐድል ሲያሳልፍ ነው። ድምፅን እየቈራረጠ በኢንተርኔት ዐይነት የሚያጓጕዝ አዲስ የስልክ ማዕከል ለሰው ጆሮ መልካም ሆኖ ሳለ ለሞደም ሊበላሽ ስለሚችል፥ አስቀድሞ በትንሽ ጽሑፍ መሞከር ይገባል።

የመስመሩ ጠባብነት በቍጥር ሲታይ ምን መላክ እንደሚገባ ይገለጣል። በ28,800 ፍጥነት በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 3,600 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፥ 2,000 ፊደል ያለው ደብዳቤ 6,000 ባይት ይሆናል፤ ይህም ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በእጅ ስልክ የተነሣ ባለ 3,000,000 ባይት የትል ፎቶግራፍ ግን ምንም እንቅፋት ባይገጥመው እንኳ 14 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በ13ኛው ደቂቃ ላይ ቢበጠስ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ያው ፎቶግራፍ ወደ 60,000 ባይት ቢቀነስ በ17 ሰከንድ ይሄዳል፤ ትሉንም ለማወቅ ይበቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ይጻፋል፥ ይታረማል፤ ከዚያ ተደውሎ ይላካል፥ የመጣውም ተወስዶ ስልኩ ይዘጋል። መስመሩን ከፍቶ እያሰበ የሚጽፍ ሰው ባዶ ከረጢት ለሚሸከም በቅሎ ኪራይ ይከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሹማምንትን የሚያስመርረው የአማርኛው ፊደል ነው። ደብዳቤው ደኅና ደርሶ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል፥ አለዚያም ባዶ ሣጥኖች ይታያሉ። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ እየደበቁ፥ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው አሰላለፍ ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲነበብ ይደበላለቃል። ለዚህ መድኃኒቱ ላኪና ተቀባይ በአንድ ፕሮግራም መስማማት፥ ወይም ጽሑፉን ፊደሉ አብሮት በሚጓዝበት በፒዲኤፍ መልክ መላክ ነው። ባዶ ሣጥን የታየ እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ዊንዶውስ ከፋብሪካው የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ቪስታ በተባለው በ2007 በወጣው ዕትም፥ ኒያላ በሚለው ፊደል ነውና። ኤክስፒ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ እንደ አቢሲኒካ ያለውን በነጻ የሚገኝ የዩኒኮድ ፊደል መጨመር ይበቃል። አስቸኳይ በሆነ ጊዜ ደግሞ የቀበሌዎቹ ስም አስቀድሞ በቍጥር ተመዝግቦ፥ ሠንጠረዡ በቍጥር ብቻ ቢላክ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል።

አሮጌ ኮምፒዩተር ለሁሉ ሥራ አይሆንም። ለዊንዶውስ 98 ፋብሪካው የሚሰጠው ጥበቃ በ2006፥ ለኤክስፒም በ2014 አብቅቷል። የዛሬዎቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን የምስጢር አጻጻፍ ጥንታዊዎቹ ማንበቢያዎች ስለማያውቁት አብዛኞቹ ገጾች ከቶ አይከፈቱም፤ የሚከፈቱትም ያለ ጥበቃ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ለሚላክ ሠንጠረዥ ይመደብ እንጂ የገንዘብ ሥራና የሰው ገመና አይጻፍበት። በመደወያው ዘመን የነበረ አንድ ተንኰልም ሊታወስ ይገባል። አንዳንድ ክፉ ፕሮግራሞች በስውር ገብተው የሚደወለውን ቍጥር ወደ ውጭ አገር ውድ መስመር ይለውጡ ነበርና፥ ባለቤቱ የሚያውቀው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነበር። ከመደወሉ በፊት በመስኮቱ ላይ ያለውን ቍጥር ማንበብ የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

የሞባይሉ ሞደም ከላይ እንደ ተባለ በዚሁ ሥርዐት ይሠራል። ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ የኮም መሰኪያ ያየዋል፤ በመደወያውም ውስጥ በስልኩ ቍጥር ፈንታ ኮከብ፥ ዘጠና ዘጠኝ፥ የመሰላል ምልክት ይጻፋል። ይህ የሰው ስልክ አይደለም፤ ወደ ዳታው መረብ አስገባኝ ማለት ነው። ስሙና የምስጢሩ ቃል ብዙ ጊዜ ባዶ ይተዋሉ፤ የመግቢያው በር ስም ግን ከስልኩ ድርጅት ተጠይቆ በሞደሙ ንብረት ገጽ፥ ተጨማሪ ትእዛዝ በሚጻፍበት ስፍራ ይገባል። ከሞደሙ ጋራ የመጣው የራሱ ፕሮግራም በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ አልነሣ ሲል፥ ማሠሪያው እስከ ገባ ድረስ፥ በዚህ መንገድ ያለ እርሱ መገናኘት ይቻላል።

ክረምት ሲገባ መብረቅ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በስልኩ ሽቦ አብዝቶ ሞደም ያቃጥላል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ የመብራቱን መሰኪያ ነቅሎ የስልኩን ቢተወው ግማሹን ብቻ ጠበቀ፤ ሁለቱም ይነቀሉ።

ሥራው አንድ ጊዜ ከተቃና በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ የሚደወልበት ቍጥር፥ ከፊቱ የሚመታው ዘጠኝ ወይም ሌላ ቍጥርና ነጠላ ሰረዙ፥ የሞደሙ ስምና የተሰካበት ኮም፥ የተወሰነው ፍጥነት፥ የአደዋወሉ ዓይነት፥ የአማርኛው መጻፊያ ፕሮግራም ስም ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጐን ይለጠፍ። ጸሐፊ ቢዛወር ተተኪው ከዚያ ያነብባል፤ ችግር በደረሰ ጊዜም ወረቀቱን ይዞ በስልክ ጠይቆ ከወሎ ሰፈር ድረስ ሳይመጣ መልስ ያገኛል። የምስጢሩ ቃል በዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ በታሸገ ፖስታ ሆኖ በሹሙ ሣጥን ይቀመጣል።